ንፋስ ስልክ፤ እንግሊዞች የገቡበት መንገድ

አንባቢ ሆይ፥ ከመስቀል አደባባይ ተነሥተው በጎተራ አድርገው ወደ ደብረ ዘይት የሚወስደውን መንገድ ቢከተሉ ንፋስ ስልክን ያገኛሉ። ዛሬ ስሙ ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ የክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። ሽቦ ሳይዘረጋለት ወሬ የሚያደርሰውን መሣሪያ ሕዝቡ የነፋስ ስልክ አለው፤ ስሙም ለሰፈሩ ቀረ። ለባዕድ ዕቃ ከዚህ የተሻለ ስም የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ዛሬም የሚገኝ አይመስለኝም።

መንገዱ ሌላም ትዝታ አለው። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከአዋሽ ገሥግሦ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ የደረሰው በዚህ በደቡቡ በኩል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በጎጃም አድርገው በሰሜን፥ በእንጦጦ በኩል የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነበር። በሁለቱ መግቢያዎች መካከል ባሉት ሃያ ዘጠኝ ቀኖች ከተማዋን የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ይዟት ቆየ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ራሱ ነገሩን ይናገራል፤ «የተያዘ የጠላት አገር አስተዳደር» ይባል ነበርና።

የዚህ አስተዳደር ዋና የፖለቲካ ሹም ሰር ፊሊፕ ሚቸል ነበሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1912 ኒያሳላንድ በዝቅተኛ ሹምነት ሥራ የጀመሩ፥ በታንጋኒካ በአገሬው አለቆች አማካይነት መግዛትን የተማሩ፥ ከ1935 እስከ 1940 ዑጋንዳን በገዥነት ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ልምድ ያለው ሹም ኢትዮጵያ ሲደርስ ምን እንደሚያይ ለመገመት አያዳግትም፤ ንጉሠ ነገሥቱንም ከትልቅ የአገር አለቃ ለይቶ ለማየት ይቸገራል።

ግንቦት 3 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትሮች ሾሙ። የሚቸል ምክትል ብርጋዴር ሞሪስ ላሽ ተቆጡ፤ ከኢጣሊያ ጋር የሰላም ውል ሳይፈረም ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ሥልጣናቸውን ሊይዙ አይችሉም አሉ። (የሰላሙ ውል የተፈረመው በ1939 ዓ.ም. ነው! ያን ሁሉ ዘመን ማን ይጠብቅ?) በመጨረሻ ለጊዜው እንግሊዞቹ ሚኒስትሮቹን የወታደራዊው አስተዳደር አማካሪዎች አድርገው እንዲቈጥሯቸው ተስማሙ። እርስዎ በመሥሪያ ቤት ያሉ ከሆኑ በአንድ ማዕረግ ላይ ስንት ነገር እንደሚንጠለጠል ያውቁታል፤ ያን ጊዜ የተንጠለጠለው ግን አገር ነበር።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና ሚቸል ውል ተፈራረሙ። የኢትዮጵያ ነፃነት ታወቀ፤ ለመጀመሪያው ዓመት 1,500,000፥ ለሁለተኛው 1,000,000 ፓውንድ እርዳታ ተፈቀደ። በአንጻሩ የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ፤ አማካሪዎችና ዳኞች ከእንግሊዝ መጡ፤ ከደቡብ ወደ ከተማዋ የሚገባው የምድር ባቡርና ኦጋዴን በእንግሊዞች እጅ ቀሩ። እንግሊዞቹ ያን ጊዜ ያገኙት ቅድሚያ በታኅሣሥ 10 ቀን 1937ቱ አዲስ ውል ተነሣ። የኦጋዴን አብዛኛው ክፍል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1948 ሲመለስ ሐውድና የተከለለው ግዛት እስከ በፈረንጅ 1954ቱ ስምምነት ድረስ ቆዩ።

ሚቸል ያን ጊዜ ከዚህ ሄደው ነበር። መጀመሪያ በፊጂ፥ ከ1944 ጀምሮ ደግሞ በኬንያ ገዥ ሆኑ። በ1952 ሰኔ ወር ጡረታ ወጡ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የማው ማው ዐመፅ በርትቶ በኬንያ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ።