ዕቃው የት ደረሰ?

ይኸውላችሁ፣ እኛ ሦስት ጓደኛሞች ሰሞኑን አንድ የሞባይል መተግበሪያ ለመንደፍ ቁጭ ብለናል። ሥራው ዕቃ መላክና «የት ደረሰ?» ለሚል ሰው መልስ መስጠት ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ አብረን እንየው።

የመጀመሪያው ጣጣ አድራሻ ነው። የውጭዎቹ መተግበሪያዎች የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ሙሉ ይሉናል። የአዲስ አበባ ሰው ግን ቤቱን ሲያመላክት «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብለህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ነው የሚለው። ፖስታ ቤታችን በ1886 ዓ.ም. የተቋቋመ አንጋፋ ቢሆንም፣ ለብዙ ዘመን ደብዳቤ የጠበቀን በራችን ላይ ሳይሆን ፖስታ ሣጥን ውስጥ ነው። እናም የቤት ቁጥሩን ትተን የተቀባዩን ስልክና ሰፈሩን በራሱ አነጋገር የሚገልጽበት ባዶ ቦታ አስገባን።

ሁለተኛው ጣጣ ሰዓት ነው። ስልኩ «8:00» ቢል የማን ስምንት ሰዓት ነው? በእኛ ምሳ ተበልቶ አልቋል፤ በፈረንጁ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። አንዲት ቁጥር ሰውን ስድስት ሰዓት ታስጠብቃለች። ስለዚህ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብለን በቃል እንጽፋለን።

ዋናው ጉዳይ ግን ተቀባዩ ነው። ደሴ ያሉ አንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከአዲስ አበባ ይጠብቃሉ እንበል። ስልካቸው ባለ ቁልፏ ናት፤ መተግበሪያ አትጭንም። ለእሳቸው የሚሄደው የጽሑፍ መልእክት ነው። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ 70 ብቻ። ያም ሆኖ «ዕቃዎ ደሴ ደርሷል። መናኸሪያ ይቀበሉ። ቁጥር 4417» ብትሉ ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 33 ነው። ፊደላችን ቆጣቢ ነው!

ከመካከላችን አንዱ «መኪናው በካርታ ላይ ሲሄድ ይታይ» ብሎ ሙጥኝ አለ። ያምራል። ግን መናኸሪያ ሄዳችሁ እዩ። ካርቶኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ስምና ስልክ ይጻፋል፤ ለረዳቱ ይሰጣል፤ ላኪው ደውሎ ታርጋውን ለተቀባዩ ይነግራል። ይህ ራሱ ክትትል ነው። የሚጎድለው ካርቶኑ የጠፋ ዕለት ነው፤ ረዳቱ «ለሌላ ሰጥቻለሁ» ይላል፣ ሌላው «አላየሁም» ይላል፣ ምስክር የለም።

እናላችሁ፣ ሰው «የት ደረሰ?» ሲል «አሁን ማን እጅ ነው?» ማለቱ ነው። እኚያ እናት መኪናው ጣርማ በር መውጣቱን ቢያዩ ምን ይረባቸዋል? ካርታውን ተውነውና ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር የሰጪው፣ የተቀባዩና የሰዓቱ መዝገብ እንዲቀር አደረግን። አራት ቃል ይበቃል፦ ተረከብን፣ ተጫነ፣ ደረሰ፣ ወሰዱ።

አምስተኛ ቃልም ጨምረናል፤ «ጠፋ» የሚል። ከሥሩ ዕቃውን መጨረሻ የያዘው ሰው ስልክ ይወጣል። ይህን ቃል ብዙ ነጋዴ አይወድልንም ይሆናል። መድኃኒት የምትጠብቅ እናት ግን እስከ ማታ «መንገድ ላይ ነው» እየተባለች ከምትውል፣ እውነቱን በጊዜ ሰምታ ሌላ መላ ብትፈልግ ይሻላታል። እኛም በዚህ ቃል አንደራደርም።

ቸር እንሰንብት።