አምስት ጋሎን ባሕር

በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ስደት፣ ስለ አገር ናፍቆት ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ዛሬ ስለ ዓሣ ልጽፍ ነው። ስለሚበላው ዓሣ አይደለም፤ ተቀምጦ ስለሚታየው ነው። ጓደኞቼ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ፤ አንዷማ ከአሁኑ ስቃ ጨርሳለች። ይሁን እንጂ ነገሩ ካለፈው መስከረም ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ጉዳይ ስለሆነ ሌላ ልጻፍ ብል ብዕሬ እምቢ አለኝ።

የምንኖረው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴ ሃያ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ወገቡን ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ ቤት ውሏል። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የመኪና ማቆሚያውን ያያል። ከታክሲው በፊት፣ ከስደቱም በፊት፣ ባሕር ኃይል ነበር፤ የሞተር ጥገና ሠራተኛ። መጀመሪያ ምጽዋ፣ ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ ደግሞ ዳህላክ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ናት። እሱ ስለ ባሕር አንድ ቃል አይተነፍስም። ዘመድ ተሰብስቦ ስለ ወደብ ክርክር ሲነሣ እንኳ ብድግ ብሎ ሻይ ሊያፈላ ይሄዳል።

ታዲያ እኔ ብልህ ነኝ ብዬ ለልደቱ ትንሽ ባሕር ላመጣለት ተነሣሁ። ተመርቆ ከሚሄድ ተማሪ ላይ አንድ የመስተዋት ሣጥን ከነመብራቱና ከነፓምፑ በርካሽ ገዛሁ። የሚይዘው አምስት ጋሎን ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ሊትር ያህል። እናቴ ጠላ የምትጠምቅበት ባልዲ ይበልጠዋል። በተጣራ ውኃ የባሕር ጨው በጠበጥሁ፣ አሸዋና ድንጋይ ጨመርሁ፤ ከዚያም ዓሣ ሳይገባበት ከወር በላይ አቆየሁት። ይህን መቼም ደንበኛ አድርጌ አንብቤአለሁ፤ የዓሣውን ቆሻሻ ከመርዝነት የሚያወጡት ባክቴሪያዎች ድንጋዩና አሸዋው ላይ እስኪራቡ መታገሥ የግድ ነው። ትዕግሥቴ ያለቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ ሄድሁ። ሻጩ ማንዳሪን የሚባለውን ዓሣ አሳየኝ። ያየው ያውቀዋል፤ ሰማያዊና ብርቱካን ቀለሙ እንደ ጥልፍ የተጠላለፈ፣ ሲሄድ የሚንሳፈፍ የሚመስል። «ለትንሽ ሣጥን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ዓሣው ራሱ ትንሽ ነው» አለኝ። እኔም መልስ የተሰጠኝ መስሎኝ ከፍዬ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ሆነው። አንድ ማታ ለፈተና ሳጠና አባቴ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «ይኼ ዓሣ ርቦታል» አለኝ።

«ኧረ አባባ፣ ጥዋትም ማታም እሰጠዋለሁ።»

«ትሰጪዋለሽ፤ አይበላም። ሆዱን እይው።»

አየሁ። ከጭንቅላቱ በስተኋላ ጎድጉዷል፤ ጎንና ጎኑ ተጣብቋል። እኔ ቀለሙን ሳይ ከርሜ ሆዱን አላየሁም። አባቴ ደግሞ ዓይኑን ከሣጥኑ ሳያነሣ፣ «ዳህላክ ሳለን ውኃ በጀልባ ነበር የሚመጣልን። ጀልባዋ የዘገየች ጊዜ ሰውም እንዲህ ነው የሚሆነው፤ መጀመሪያ ዓይኑ ይገባል» አለ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ስለ ዳህላክ ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እስክሪብቶዬን እንደያዝሁ ቀረሁ። እሱ ግን ከዚያ በላይ አልጨመረም።

ያን ሌሊት አነበብሁ፤ ከመግዛቴ በፊት ማንበብ የነበረብኝን። ማንዳሪን የሚኖረው ኮፔፖድ የሚባሉ በዓይን እምብዛም የማይታዩ ነፍሳትን ከድንጋይ ላይ ቀኑን ሙሉ እየለቀመ ነው። በትልቅና በቆየ ሣጥን ውስጥ ነፍሳቱ ስለሚራቡ አይጎድልበትም። በአምስት ጋሎን ውስጥ ግን ያሉትን ጥቂት ቀን ለቅሞ ይጨርስና ሌላውን ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ንቆ፣ መብል ዙሪያውን እየተንሳፈፈ በረኀብ ይሞታል። የኔውም በአራተኛው ቀን ሞተ። አባቴ አልተቆጣኝም። «ስትገዢው ምን እንደሚበላ ጠይቀሽ ነበር?» ብቻ አለኝ። እውነቱን ልናገርና የጠየቅሁት ዋጋውን ነበር።

ሣጥኑን ልሸጠው ወስኜ ሳለ አንድ ጥዋት ስነሣ መስተዋቱ ላይ፣ በውኃው ልክ፣ ፕላስተር ተለጥፎ አገኘሁ። አባቴ ነው። ውኃው ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም፤ ስለዚህ በጎደለ ቁጥር የሚቀረው ይከርራል። ከአሥራ ዘጠኙ አንድ ሊትር ቢጎድል በሊትር 35 ግራም የነበረው ጨው ወደ 37 ይጠጋል፤ ትንሽ ሣጥን ከትልቁ ይልቅ የሚያስቸግረውም አንዱ በዚህ ነው፤ ስሕተትን የሚያቀጥን ውኃ የለውም። አባቴ ይህን ማንም አልነገረውም። ጥዋት ጥዋት ፕላስተሩ ድረስ የተጣራ ውኃ ይጨምራል። «ቀይ ባሕር ከዚህም ይብሳል» አለኝ አንድ ቀን፤ «ዋኝተሽ ስትወጪ ቆዳሽ ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቃል።» በኋላ መጽሐፍ ገልጬ አየሁ፤ ወደ 40 ግራም ይደርሳል።

እንግዲህ ምርጫው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ አሁን ደግሞ መራጮቹ ሁለት ሆንን። እሱ ከትዝታው ያወጣል፣ እኔ ከመጽሐፍ እጥላለሁ። ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው፣ ጅራቱ ሥር ምላጭ የያዘ፣ ዋናተኛ የሚያባርር ዓሣ ነበር አለኝ። አገኘሁት፤ ሶሃል ይባላል፤ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሣጥናችን ውስጥ ዞሮ መመለስ አይችልም። ክንፉ እንደ ላባ የሚዘረጋውና እሾሁ መርዝ ያለውስ? ላየን ፊሽ ነው፤ እሱም ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ አብሮት የሚኖረውንም ይውጣል። ሁለት ነጭ ቀበቶ የታጠቀው፣ እሾኻማ አበባ በሚመስለው አኔሞን ውስጥ የሚደበቀውስ? የቀይ ባሕሩ ክላውን ፊሽ ነው፤ ለኛ ትልቅ ነው፤ አኔሞኑም ቦታው ካልተስማማው ተነሥቶ ይሄድና ፓምፕ ውስጥ ገብቶ ይቆራረጣል፤ ያን ጊዜ ሁሉም አለቀ ማለት ነው። (በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኒሞን ፊልም ያየ ልጅ ሁሉ ኒሞንና ሰማያዊዋን ዶሪን በአንድ ብርጭቆ ሊያኖር ይፈልጋል። ዶሪ 30 ሳንቲ ሜትር እንደምትደርስ ለልጁ የሚነግረው የለም።)

አባቴ በየጊዜው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ፣ «እሺ፣ እሱ ይቅር» ይላል። አንድ ቀን ግን፣ «ታዲያ ከኛ ባሕር ምንም አይገባበትም?» ብሎ ጠየቀኝ። «ከኛ ባሕር» ነው ያለው።

ያገኘሁት ዓሣ አይደለም። ዜንያ የሚባል ለስላሳ ኮራል ነው፤ ከቀይ ባሕር የታወቁ ዓይነቶች አሉት። ብዙ ትናንሽ እጆች አሉት፤ እጆቹ ሳያቋርጡ ይከፈታሉ፣ ይጨበጣሉ። በኤይላት ባሕር ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ መጨባበጥ ዙሪያውን ያለውን ውኃ ስለሚያድሰው አብረውት የሚኖሩት ረቂቅ ተክሎች ከብርሃን የሚያገኙትን ምግብ እንደሚጨምርላቸው አሳይተዋል። አስተናጋጅነቱ ለተክሎቹ ነው፤ እነሱ ደግሞ ይመግቡታል። ቃሉ በግሪክኛ እንግዳን መቀበል ማለት መሆኑን ኦዲሴይን ስናነብ ተምረናል፤ ትምህርቱ አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ አስቤም አላውቅ። መጥፎ ጠባዩ ልክ አለማወቁ ነው፤ እንደ አረም ይስፋፋል፤ በመቀስ እቆርጠዋለሁ።

ከዚያ ትሮከስ የሚባል ቀንድ አውጣ አንድ አስገባን፤ መስተዋቱን ይልሳል፤ ሲገለበጥም እንደ አንዳንዶቹ ጀርባው ላይ ቀርቶ አይሞትም፣ ራሱን ያቀናል። ከዚያ ሦስት ጥቃቅን ሽሪምፖች፤ ጭራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ስለሚያወዛውዙ ሻጮች ያወጡላቸውን ስም ለእናቴ መንገር አፍሬ «ጨፋሪዎቹ» አልኋት። እናቴ በበኩሏ፣ «ለዚህ ሁሉ ያወጣችሁትን ብር ዓሣ ገዝተን በበላነው» ትላለች፤ ነገር ግን ጨፋሪዎቹን ቆማ ስታይ ደርሼባታለሁ።

ለዓሣ የቀረን ቦታ አንድ ብቻ ነበር። እኔ ምንም ዓሣ ባይገባ ይሻላል አልሁ፤ የማንዳሪኑ ሆድ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ። አባቴ ነው ያደፋፈረኝ፤ «አሁን እኮ ጠይቀሻል» ብሎ። ጎቢ የምትባል ከጣት የማትበልጥ ነጭ በቀይ መስመር ዓሣ ከነጓደኛዋ ገዛን። ጓደኛዋ ፒስቶል ሽሪምፕ ናት፤ ዓይኗ ደካማ ነው። እሷ አሸዋ እየጋፈች ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ጎቢ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ሽሪምፗ አንቴናዋን ከዓሣዋ ላይ አታነሣም፤ አደጋ ሲመጣ ዓሣዋ ጭራዋን ታርገበግባለች፣ ሁለቱም ወደ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ዓይነት ሽርክና ቀይ ባሕርም አለ፤ የዚያዎቹ ጎቢዎች ግን ስለሚያድጉ ከፓስፊክ የመጡትን ወሰድን። መዝለል ስለሚወዱ ክዳን ሠራንላቸው። ዓሣዋ የቀዘቀዘ ሥጋ ከመርፌ ላይ በመጀመሪያው ቀን በላች። እኔ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም ነበር፤ በደስታ ረስቼው።

ከዚያ ባለፈው ወር፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሳሎን ውስጥ «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቴ መስተዋቱ ተሰነጠቀ ብላ ነጠላዋን እንደያዘች ወጣች፤ እኔም ተከተልሁ። አባቴ በጨለማው ወንበሩ ላይ ነበር። የወገቡ ሕመም ሲበረታ እንዲያ ያድራል። ደግሞ «ቀጭ!» አለ።

«ሽሪምፗ ናት» አልሁ። «አንዱን ጥፍሯን በኃይል ስትገጥመው ውኃው ውስጥ አረፋ ይፈጠርና ይፈርሳል፤ የሚጮኸው እሱ ነው።»

«ነገ አውጪልኝ» አለች እናቴ።

«ተዪው» አለ አባቴ። ጥቂት ቆይቶ ወደኔ ዞረ። «ዳህላክ ላይ መልሕቅ ጥለን ሞተሩን ስናጠፋ ከመርከቡ ሆድ ሥር እንደሚቆላ ተልባ ይንጣጣል። መጀመሪያ የሰማሁ ለት ከሞተሩ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ስፈታታው አደርሁ። አለቃዬ ጥዋት መጥቶ ሳቀብኝ። ‹ባሕሩ ነው› አለኝ፤ የባሕሩ ምኑ እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም።»

«ብዙ ሆነው ሲጮኹ ነው» አልሁት። «በሞቃት ባሕር ሁሉ እንዲያ ነው።»

ባትሪ አምጥቼ በቀይ ጨርቅ ሸፈንሁና አበራሁለት። ሽሪምፗ ከጉድጓዷ ብቅ ብላ አሸዋ ታወጣለች። አባቴ ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

ጥዋት ከክፍሌ ስወጣ ወንበሩ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ሣጥኑ ፊት ቆሟል። እናቴ ወደ ኩሽና መተላለፊያ አሳጣኝ ብላ እስከ ዛሬ ታጉረመርማለች።