«ውሸት ነው» ያልኩበት ቀን

ወንዶች ልጆች ያሏችሁ ወላጆች የምነግራችሁን ገና ሳልጨርሰው ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው። ከሳሎን «ዋን… ቱ…» የሚል ቆጠራ ይሰማኛል። «ስሪ» ሳይባል ጩኸት መጣ። እናት የጨዋታ ጩኸትንና የሕመም ጩኸትን ትለያለች፤ ይሄ ሁለተኛው ነበር። ማማሰያውን እንደያዝኩ ሮጬ ስገባ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ክው ብሎ ቆሟል፤ የስድስት ዓመቱ ታናሹ ምንጣፉ ላይ ክንዱን አቅፎ ይንፈራገጣል። ትልቁ፣ በቴሌቪዥን እንደሚያያቸው የሬስሊንግ ሰዎች፣ ከሶፋው መደገፊያ ላይ ዘሎ ወንድሙ ላይ አርፎ ኖሯል።

ራጅ ተነሳ፤ አጥንቱ ተሰንጥቋል ተባለ፤ ጀሶ ታሰረለት። ማታ ባለቤቴ ቻናሉን ቆለፈው። እኔ ደግሞ ድንጋጤዬ ወደ ንዴት ተለውጦ ትልቁን ልጄን አስቀምጬ «ያ የምታየው ሁሉ ውሸት ነው! ተነጋግረው ነው የሚደባደቡት!» ብዬ ጮህኩበት። እንባውን በእጅጌው ጠረገና «ታዲያ ማሚ፣ ውሸት ከሆነ ትልልቅ ሰዎች ለምን ያዩታል?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ያንኑ ቃል ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ አዛውንት ተናግሬው ነበር፤ እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴ ይቀላል።

ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ያረፍኩት አክስቴ ዘንድ፣ በቴነሲ ግዛት፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው የሜምፊስ ከተማ ነበር። እንደ ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ሆነ። ከደረሱኝ ሰዎች አንዱ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጥጥ መጋዘን ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ስትሮክ ግራ እግራቸውን የያዘባቸው። ሽማግሌ በስሙ መጥራት አፌ ስላልደፈረ «አባባ» አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ስም ስጠራቸው የማይሰሙ ይመስሉ ነበር።

አባባ ከቴሌቪዥኑ ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ የቪዲዮ ካሴት ነበራቸው። ቅዳሜ ጠዋት ቁርሳቸውን እንደጨረሱ አንዱን መርጠው እንዳስገባላቸው ያዙኛል። ሁሉም ሬስሊንግ ነው።

እንደ እኔ በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደጋችሁ ከሆነ ሬስሊንግ ሲባል የሚታወሷችሁ ሀልክ ሆጋንና አንደርቴከር ናቸው፤ ልጆቻችሁ ደግሞ ጆን ሲናን ይነግሯችኋል። ርችቱ፣ ጭሱ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው። የአባባ ግን ሌላ ነበር። ጠበብ ያለ ስቱዲዮ፣ ጥቂት ተመልካች፣ አንድ ጠረጴዛ። ከጠረጴዛው ጀርባ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ጨዋታውን ያስተላልፋሉ፤ አንደኛው በሌላው ቀን ዝናብ ይዘንባል አይዘንብም የሚለው የጣቢያው የአየር ሁኔታ ዘጋቢ ነው!

ነገሩን ቀስ በቀስ አስረዱኝ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታየው አንድ ትልቅ ኩባንያ አገሩን ሁሉ ከመያዙ በፊት አሜሪካ ውስጥ ሬስሊንግ እንደ ጥንት ርስት የተከፋፈለ ነበር። አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በ1948 ማኅበር መሥርተው አንዱ በሌላው ክልል ድርሽ ላይል ተስማሙ። እያንዳንዱ ክልል የራሱ ጀግና፣ የራሱ ክፉ ሰው፣ የራሱ የቴሌቪዥን ሰዓት ነበረው። የሜምፊሱ ቅዳሜ ጠዋት በቀጥታ ይተላለፋል፤ ያ የሳምንቱ ጠብ የሚጫርበት ነው። ሰኞ ማታ ሕዝቡ ትኬት ቆርጦ «ሚድ ሳውዝ ኮሊሲየም» በተባለው አዳራሽ የጠቡን መጨረሻ ያያል። ማክሰኞ ተጋጣሚዎቹ ወደ ሉዊቪል፣ ረቡዕ ወደ ኢቫንስቪል ይነዳሉ። ቅዳሜ ደግሞ ተመልሰው ስቱዲዮው ውስጥ ናቸው። በሳምንት አንድ ክፍል የሚወጣለት፣ ለዓመታት የማያልቅ ተከታታይ ድራማ በሉት።

ተዋናዮቹ ደግሞ ጎረቤት ናቸው። «ንጉሡ» እየተባለ የሚጠራው ጄሪ ሎውለር የዚያው ከተማ ልጅ ነው። በወጣትነቱ የተጋጣሚዎቹን ሥዕል እየሣለ ለጣቢያው ሲልክ ሥዕሎቹ በቴሌቪዥን ታዩለት፤ በዚያ በር ገብቶ ራሱ ሪንግ ውስጥ ገባ። ከተማው «ንጉሥ» የሚል ስም አስቀድሞ ለኤልቪስ ፕሪስሊ የሰጠ መሆኑን ስታስቡ የድፍረቱ መጠን ይገባችኋል።

አንድ ቅዳሜ ነው እንግዲህ። አባባ ሰውነታቸው ወደፊት አዘንብሎ፣ የማይታዘዛቸውን እግር ረስተው፣ «ከኋላህ ነው! ዙር!» እያሉ ይጮሃሉ። እኔ ሳቄ መጣ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ተወስኗል» አልኳቸው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

ሪሞቱን አንስተው አጠፉት። በዚያን ቀንና በማግስቱ ከ«እሺ» እና «አመሰግናለሁ» በቀር ቃል አልወጣቸውም።

ሰኞ የእግር ጥፍራቸውን እየቆረጥኩላቸው ሳለ ራሳቸው ጀመሩ። «የማላውቅ መሰለሽ?» አሉኝ። «ቁጭ በይ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሬስሊንጉ የሚካሄደው «ኤሊስ» በተባለ አዳራሽ ነበር። በሜምፊስ ያኔ አውቶቡሱም፣ የውሃ ቧንቧውም፣ ትምህርት ቤቱም የነጭና የጥቁር ተብሎ የተከፈለ ነው። በአዳራሹ ታችኛው ወንበር የነጭ ነው፤ ጥቁር የሚፈቀድለት ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለው ጠባብ ሰገነት ብቻ ነው። ሰገነቱ ከሞላ ታች ባዶ ወንበር ቢኖርም ወደ ቤትህ ትባላለህ።

በዚያን ጊዜ ስፑትኒክ መንሮ የሚባል ነጭ ተጋጣሚ መጣ። በጥቁር ፀጉሩ መሃል ነጭ መስመር ያለው፣ ጉረኛ፣ በሥራው ክፉውን ሰው የሚጫወት። ነጮቹ ትኬት የሚቆርጡት ሲደበደብ ለማየት ነው። እሱ ግን ከሪንግ ሲወርድ አምሮበት ለብሶ የጥቁሮች ሰፈር ወደሆነው ቢል ጎዳና ይሄዳል፤ አብሯቸው ይጠጣል፣ ይጨዋወታል፣ ትኬት ያድላል። ፖሊስ በዚህ ምክንያት ሲያስረው ፍርድ ቤት ጥቁር ጠበቃ ይዞ ቀረበ። በዚያ ዘመን ይሄ ከስድብ ሁሉ የባሰ ስድብ ነበር። ስሙ በየጥቁሩ ቤት ገባ፤ እሱ በሚጋጠምበት ምሽት ሰገነቱ ሞልቶ የቀረው ሰው ደጅ ላይ ይሰለፋል። በመጨረሻም ለአዘጋጁ ነገረው፦ እነዚህ ሰዎች ደስ ባላቸው ቦታ ካልተቀመጡ እኔ ሪንግ አልገባም።

አዘጋጁ ሂሳቡን አሰላ። ደጅ የሚቀረውን ብር አየ። ወንበሩ ተከፈተ። በአሜሪካ መንግሥት ሕግ የዘር መድልዎ በሕዝብ አዳራሽ የተከለከለው በ1964 ነው፤ ይሄ ከዚያ ቀድሞ፣ በሬስሊንግ ምሽት ሆነ።

«ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር» አሉ አባባ። «ከሰገነቱ ወደ ታች የሚወስደውን ደረጃ ስወርድ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ፖሊስ የሚጠራኝ ይመስለኛል። ተቀመጥኩ። ከጎኔ አንድ ነጭ ሰውዬ አለ። አየኝ፤ ፊቱን አዞረ። ግጥሚያው ሲጀመር ግን ሁለታችንም እኩል ብድግ አልን። እሱ ስፑትኒክ እንዲሸነፍ ይጮሃል፣ እኔ እንዲያሸንፍ እጮሃለሁ። ትከሻችን ይጋጫል፤ የቆጠረው የለም።» ከዚያ ጥፍራቸውን ወደያዘው እጄ አዩ። «ትግሉን ተነጋግረውበት ይሆናል፣ ልጄ። እኔ ያንን ወንበር ማንም አልተነጋገረልኝም።»

ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። አዘጋጁ ልቡ የተነካው በፍቅር አይደለም፤ በገንዘብ ነው። ሬስሊንግ ራሱም ንጹሕ አልነበረም። አንድ ቀን ከካርቶኑ ውስጥ ያወጣሁት ካሴት ላይ ፊቱንና ሆዱን ቀለም የተቀባ፣ ጦር የያዘ፣ እንደ አውሬ የሚያጉረመርም ግዙፍ ሰው አየሁ። «ኡጋንዳዊው ግዙፍ፣ ካማላ» ይሉታል። በ1982 እዚያው ሜምፊስ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ሰውዬው ደግሞ የጎረቤቷ የሚሲሲፒ ግዛት ተወላጅ ነበር። ከአፍሪካ የመጣሁት እኔ ቆሜ ሳየው አባባ አቀረቀሩ። «እሱን አውጪው፣ እሱን አልወደውም» አሉኝ። ሌላ ጊዜ አላስገባሁትም።

ግን ለምን ሰው እንደሚያምን እየገባኝ መጣ። ተጋጣሚዎቹ «ኬይፌብ» የሚሉት የዝምታ ሕግ ነበራቸው፤ ጀግናውና ክፉው ሰው ከሪንግ ውጭ አብረው መታየት የለባቸውም። በዚያው በ1982 አንዲ ካውፍማን የተባለ የቴሌቪዥን ኮሜዲያን ሜምፊስ ድረስ መጥቶ የደቡብ ሰው ሳሙና አያውቅም እያለ ከተማውን ሲሰድብ ሎውለር ዘቅዝቆ በጭንቅላቱ ተከለው። ዳኛው ይሄ አጣጣል ክልክል ነው ብሎ ድሉን ለተመታው ሰጠ፤ ኮሜዲያኑም አንገቱን በድጋፍ አስሮ ዞረ። ሁለቱ ተመካክረው ያደረጉት መሆኑ በይፋ የታወቀው ካውፍማን በ1984 ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የገና ጨዋታን አስቡ። አያቶቻችን ሲነግሩን በዚያች ቀን ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ላይ ሩር ሲያሳድዱ ይውላሉ፤ ሎሌው በዱላው የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው ጌታው መቆጣት አይገባውም። በማግስቱ የማይታሰበው ነገር በዚያች ቀን ጨዋታ ነውና ያልፋል። ልዩነቱ፣ በሜምፊስ ጨዋታው ካበቃ በኋላም ወንበሩ እንደተከፈተ ቀረ።

በ1984 የኒውዮርኩ ኩባንያ በኬብል ቴሌቪዥን አገሩን ማዳረስ ሲጀምር ርስቶቹ አንድ በአንድ ተዋጡ። ሜምፊስ ብዙ ታግላ በ1997 ሳምንታዊው ዙር ቆመ። ኮሊሲየሙም በ2006 ተዘጋ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ስፑትኒክ መንሮ ማረፉን አባባ ከጋዜጣ ላይ አነበቡ። ሙሉ ልብሳቸውን እንዳለብሳቸው ጠየቁኝ፤ ክራባት ጭምር። በመኪናዬ ይዣቸው መሃል ከተማ ሄድን። የኤሊስ አዳራሽ ፈርሶ በቦታው ሌላ ሕንፃ ቆሟል። ጥግ ይዤ አቆምኩ። ከመኪናው አልወረዱም። በመስኮቱ ወደ አንድ ባዶ ግድግዳ አመለከቱና «ደረጃው እዚህ ጋ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም፤ እኔም አልተናገርኩም። ይቅርታ የጠየቅኳቸው ስንመለስ፣ ክራባታቸውን ስፈታላቸው ነው። ጉንጬን መታ መታ አደረጉኝ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ለልጄ ነገርኩት። ታናሹም ጀሶውን ትራስ ላይ አስደግፎ ሰማ። ቻናሉንም ከፈትነው፤ ብቻ ሕግ አወጣንለት። ብቻቸውን አያዩም፤ ከመካከላችን አንዳችን ሶፋው ላይ እንኖራለን። ከሶፋ ላይ መዝለል፣ አንገት መያዝና ጭንቅላት መንካት ፈጽሞ የለም። ጀሶው ሲፈታና ሐኪሙ ሲፈቅድ መታገል የፈለገ ፍራሽ መሬት ላይ ያነጥፋል፤ አንደኛው «በቃ» ካለ በቃ ነው። እናንተም ቤት ይህ ጨዋታ ካለ ይህችን ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ፦ እነዚያ ግዙፍ ሰዎች መውደቅን ለረጅም ጊዜ ይለማመዳሉ። አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ በጀርባቸው ተዘርግተው፣ በክንዳቸው ወለሉን እየመቱ ነው የሚወድቁት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጣለው ሰው ለወደቀው ሰው ገላ ኃላፊ ነው። ሳይጎዳ ማስነሣት የማይችል አይጥልም።

ትልቁ ይቺን ሲሰማ የወንድሙን ጀሶ አየ፤ አየና ጎንበስ ብሎ በእስክሪብቶ ስሙን ጻፈበት።

ልተኛ ስል ከክፍሉ ተጣራ። «ማሚ! ያን ቀን፣ ሰውየው ከሰገነቱ የወረዱ ቀን፣ ማን አሸነፈ?»

በሩ ላይ ቆሜ አሰብኩ። አባባ ነግረውኝ አያውቁም። ለካ እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም።