ሌባሻዩ እኔ ነበርኩ

ጨዋታ ስል ቡና ተፈልቶ የምንጨዋወተውን እንዳይመስላችሁ፤ የኮምፒውተር ጌም ማለቴ ነው። «የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኖ ስለ ጌም ይጻፋል እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስካለፈው ክረምት ድረስ እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ጌም ለእኔ ወይ ኳስ ወይ ተኩስ ነበር። ዶርም ውስጥ ልጆቹ «ፊፋ» ሲጫወቱ ተራዬን ጠብቄ፣ 4 ለ 0 ተሸንፌ፣ ወደ አልጋዬ የምመለስ ሰው ነኝ።

ክረምቱን ያሳለፍኩት አጎቴ ቤት ነው። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ የአጎቴ ልጅ ላፕቶፑን ከፈተና «ና፣ ይሄ ያንተ ነው፤ ከወሬ በቀር ምንም የለበትም» አለኝ። ሲያሾፍብኝ ነው። ያሳየኝ ጌም «ፔንቲመንት» ይባላል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022) የወጣ ሲሆን የሠራውም ኦብሲዲያን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ሥራውን የመራው ጆሽ ሶየር ዩኒቨርሲቲ የተማረው ታሪክ እንደሆነ ሳውቅ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ጌሙ ውስጥ የሚተኮስ የለም። መጽሐፍ ይገለጣል፣ ሰው ይጠየቃል፣ እንጀራ ባይሆንም ዳቦ አብሮ ይቆረሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1518 ነው፤ ማርቲን ሉተር ዘጠና አምስቱን አንቀጾች ካወጣ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ቦታው በዛሬዋ ደቡብ ጀርመን፣ ባቫሪያ ውስጥ ያለች ታሲንግ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ከተማዋ የፈጠራ ናት፣ ዘመኑ ግን እውነተኛ ነው። ከአጠገቧ ገዳም አለ። ገዳሙ ውስጥ ዛሬም ድረስ ብራና ላይ በእጅ እየተጻፈና እየተሳለ መጽሐፍ ይሠራል፤ ዓለም ግን ከጉተንበርግ ወዲህ ወደ ማተሚያ ቤት ፊቱን አዙሯል። እናንተ የምትሆኑት አንድሪያስ ማለር የተባለ ወጣት ሰዓሊ ነው። የመጣው ከኑረንበርግ ነው፤ ገበሬ ቤት ያድራል፣ ቀን ቀን ገዳም ውስጥ ይስላል።

አንድ ቀን ባሮን ሎሬንዝ ሮትፎግል የሚባል መኳንንት ገዳሙ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። ጥፋቱ የሚጣልበት ደግሞ ፒዬሮ በሚባል ሽማግሌ መነኩሴ ላይ ነው፤ የአንድሪያስ ወዳጅና መካሪ ነው። እናንተ «ይሄ ሽማግሌ አላደረገውም» ብላችሁ ትነሳላችሁ። ሊቀ ዲያቆኑ መጥቶ እስኪፈርድ ድረስ ያላችሁ ጊዜ ትንሽ ነው። መጠርጠር የሚገባቸው ሰዎች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ባሮኑ ያልበደለው የለም።

አሁን ስለ አሠራሩ ልንገራችሁ። ጌሙ መጀመሪያ ላይ አንድሪያስ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ትመርጣላችሁ። ሕግ ወይስ ሕክምና ወይስ ነገረ መለኮት ተማረ? ጣሊያን ነበር የኖረው ወይስ ፍላንደርስ? መጽሐፍ አፍቃሪ ነው ወይስ ጨዋታ ወዳድ? የመረጣችሁት ዕውቀት በኋላ በር ይከፍታል። ሕክምና የተማረው አንድሪያስ አስከሬን ሲያይ ሌላው የማያየውን ያያል፤ ላቲን የሚያውቀው ሌላው ያላነበበውን ያነባል። እኔ «ጋዜጠኛ አይደለሁ?» ብዬ የንግግር አዋቂነትን መረጥኩ። የሚገርመው ግን ሰውን ማሳመን ሲያስፈልግ የሚቆጠረው አንደበት ብቻ አለመሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ያንን ሰው ምን እንዳላችሁት፣ አክብራችሁት ወይም ንቃችሁት እንደሆነ ተደምሮ ይመጣል። ትናንት የተናገራችሁት ዛሬ ይመሰክርባችኋል።

ጊዜው ደግሞ የሚቆጠረው በምግብ ነው። ምሳ ከማን ጋር ትበላለህ? ራት ከማን ጋር? ገበሬው ቤት ከሄድክ አታሚው ቤት አትሄድም። ማዕድ ላይ ነው ወሬ የሚገኘው፤ የሁሉም ማዕድ ላይ ግን መቀመጥ አትችልም።

ድምፅ የሚባል ነገርም የለም፤ ሰዎቹ የሚናገሩት በጽሑፍ ነው። ገበሬው ሲናገር በሻካራ የእጅ ጽሕፈት ይጻፋል፣ መነኩሴው ሲናገር በወፍራሙ የገዳም ፊደል፣ የአታሚው ቤተሰብ ደግሞ በማተሚያ ፊደል። መጀመሪያ ላይ ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን አንድሪያስ «መሃይም ነው» ብሎ የገመተው ሰው መጽሐፍ የሚያነብ ሆኖ ሲገኝ ፊደሉ ዓይኔ እያየ ተለወጠ። ለካስ ያ ፊደል የሰውየው አይደለም! አንድሪያስ ስለ ሰውየው የሚገምተው ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። ገዳሙን ሊጎበኝ የመጣ ስብሐት የሚባል ኢትዮጵያዊ ካህን አለ። መጽሐፉን ገልጦ ሲያነብላቸው ላፕቶፑ ላይ ያለው ሥዕል በሙሉ ወደ እኛ የብራና ሥዕል ይለወጣል፤ ትላልቅ ዓይኖች፣ ቀይና ቢጫ ቀለም። ብቻዬን ሳቅኩ። የአጎቴ ልጅ «ምን ሆንክ?» አለኝ። እንዲያው የመጣ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በዚያን ዘመን ሮም ውስጥ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ በሚባለው ቤት፣ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይኖሩ ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ከእነሱ ግዕዝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት አሳትሟል፤ በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ማለት ነው። እንግዲህ ስብሐት ታሲንግ ላይ ሲቀመጥ ፊደላችን በማተሚያ ላይ ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር።

ወደ ግድያው ልመለስ። እኔ ራቴን የበላሁት ከምወዳቸው ሰዎች ጋር ነው። መነጋገር የሚቀለኝን መረጥኩ። ሊቀ ዲያቆኑ ፊት ስቀርብ እጄ ላይ የነበረው ብዙው ማስረጃ ኦቲሊያ በምትባል አሮጊት መበለት ላይ ነበር። ድሃ ናት፣ ቤተ ክርስቲያንን ትናገራለች፣ ጎረቤት አይወዳትም፣ ባሮኑን የምትጠላበትም ምክንያት አላት። በንግግር አዋቂነቴ አሳመርኩት። የከተማው ሰው እያየ ተገደለች። ፒዬሮም ተረፈ። «አሸነፍኩ» ብዬ ጠበቅኩ፤ ጌሙ ግን «ልክ ነህ» አላለኝም። «ተሳስተሃል»ም አላለም። ሰባት ዓመት አለፈና የ1525ቱ የገበሬዎች አመፅ መጣ፤ ሌላ ግድያ፣ ሌላ ጥርጣሬ። በደብዳቤ ሰውን ያነሳሳው ማን እንደነበረ መጨረሻ ላይ ይታወቃል። ያንን ያልተጫወታችሁ ብትኖሩ አላበላሽባችሁም። ቢላዋውን የያዘው እጅ የማን እንደነበር ግን ጌሙ እስከ መጨረሻው አይናገርም። ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ግን እዚያው ናቸው፤ ማን ማንን እንዳስገደለ አይረሱም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ኦቲሊያን አይደለም የማስበው፤ ሌላ ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር፣ ፍሬሽ ሳለሁ፣ እኛ የምንኖርበት ፎቅ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ላፕቶፕና አንድ ሞባይል ጠፋ። ለግድግዳ ጋዜጣችን ዜና መጻፍ ነበረብኝ። ዓርብ መለጠፍ ስላለበት ረቡዕና ሐሙስ ስሯሯጥ ሰነበትኩ። ሰባት ሰው ጠየቅኩ። ሰባቱም የፎቃችን ልጆች፣ ሰባቱም አብረውኝ ካፌ የሚሰለፉ ናቸው። «ተማሪዎቹ ክፍል በሄዱበት ሰዓት ወደ ክፍሎቹ የገቡት የፎቁ የጽዳት ሠራተኛ ብቻ እንደነበሩ የዓይን እማኞች ይናገራሉ» ብዬ ጻፍኩ። ስም አልጠራሁም። ስም ባለመጥራቴም ሥነ ምግባር የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር! በፎቁ ላይ ያሉት የጽዳት ሠራተኛ ግን አንድ ናቸው። ከ20 17 አገኘሁ። ልጆቹ ጀርባዬን መቱኝ፤ «ወሬው ፈነዳ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየሁት በቁርጥራጭ ነው። በር ላይ የሚቆሙት ጥበቃዎች የሳቸውን ፌስታል ብቻ መፈተሽ ጀመሩ። የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ሲያሳዩ አንድ ቀን አጠገባቸው አለፍኩ፤ ቀና ብዬ አላየሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛወሩ። የጠፋውም ዕቃ አልተገኘም፣ ሌባውም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አያቶቻችን ዘመን ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ይሰክራል፣ እየተንገዳገደ ሄዶ አንድ ቤት ገብቶ ይወድቃል፤ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ክፍል ውስጥ ስንሰማው ስቀንበት ነበር። እኔ የጠጣሁት የዓርቡን ቀጠሮ ነው። ተንገዳግጄ የወደቅኩትም በሩ ዝቅ ያለው ቤት ላይ ነው፤ ማንም «ለምን?» ብሎ የማይጠይቅበት ቤት።

መስከረም ላይ ግቢ ስንመለስ ሴትየዋን ፈለግኳቸው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ደረጃ ሲወለውሉ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ያወቁኝ አልመሰለኝም» አልኳቸው።

«አውቄሃለሁ። ጋዜጣው ልጅ አይደለህ?»

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ንግግር አዋቂ አይደለሁ? ሁሉም ጠፋኝ። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» ብቻ አልኩ።

መወልወያቸውን ባልዲው ውስጥ ከተቱና ቀና አሉ። «ፎቁን ሙሉ ጠይቀሃል አሉኝ። እኔን ግን አልጠየቅከኝም። በየቀኑ በአጠገቤ ታልፍ ነበር እኮ የኔ ልጅ።»

«አዎ» አልኩ። «ቢጠየቁ ምን ይሉኝ ነበር?»

«የምለው ነበረኝ» አሉ። ቀጥለው የሚናገሩ መስሎኝ ጠበቅኩ። «አሁንማ ምን ያደርግልሃል?» ብለው ደረጃቸውን መወልወል ቀጠሉ።

ልሄድ ስል ስለዚህ ነገር ብጽፍ ቅር ይላቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ስሜን አትጥራ እንጂ ጻፍ» አሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላሉኝም፤ እኔም ደግሜ አልለመንኳቸውም።

ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር ታስታውሳላችሁ? ፊደሉን። እኚህ ሴት ለእኔ በአንድ ፊደል ብቻ ነበር የተጻፉት፤ «የጽዳት ሠራተኛ» በሚለው። ያያሉ፣ ይሰማሉ፣ ማን መቼ እንደወጣና እንደገባ ከማናችንም በላይ ያውቃሉ ብዬ አላሰብኩም። ለምንጭነት ሳልመርጣቸው ለተጠርጣሪነት መረጥኳቸው። በትምህርታችን «የሁሉንም ወገን ድምፅ ማካተት» የሚለውን ለፈተና በቃሌ ይዤው ነበር፤ ጽፌም ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን አብረን ያልበላነውን ሰው ማዕድ ፈልጎ መሄድ መሆኑን ሳውቅ ነው።

የጌሙ ስም የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። ሰዓሊ ሐሳቡን ለውጦ በቀድሞው ሥዕል ላይ ሌላ ሲስልበት፣ ዘመን አልፎ ቀለሙ ሲሳሳ የታችኛው ሥዕል ብቅ ይላል፤ ያንን «ፔንቲሜንቶ» ይሉታል። የቃሉ ሥር ደግሞ መጸጸት፣ ንስሐ መግባት ማለት ነው። ከላይ ቢቀባም የታችኛው አይጠፋም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው የእኔም ጽሑፍ ከግድግዳው ከተነሣ ቆይቷል፣ ከሰው አፍ ግን አልተነሣም። ስለዚህ ማጥፋት ካልቻልኩ በላዩ ልጻፍበት። ያኔ መውጣት የነበረበት ማስተካከያ ይኸው፦

«ባለፈው ዓመት በግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ዶርም ስርቆት በወጣው ዜና ውስጥ የፎቁ የጽዳት ሠራተኛ በተዘዋዋሪ ተጠርጣሪ ተደርገው ቀርበዋል። ለዚህ ምንም ማስረጃ አልነበረም። ‹የዓይን እማኞች› የተባሉትም ያዩት ነገር አልነበረም። ሠራተኛዋ ስለ ጉዳዩ አልተጠየቁም። ስህተቱ የዘጋቢው ነው፤ ዘጋቢውም እኔ ነኝ።»