የዱቤው ደብተርና የምስክር ወረቀቱ

ቡሬ ከተማ በአንድ የቆርቆሮና የምስማር መደብር ሻጭ ሳለሁ ዱቤ የምመዘግበው በደብተር ነበር። አንድ የገበያ ቀን፣ በርበሬ ሸጠው የመጡ አዛውንት ገበሬ የከፈሉትን ዕዳ ዳግመኛ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ከፍዬህ የለም እንዴ?» አሉኝ። ተከራከርኳቸው፤ ደግመው ከፈሉ። ማታ ደብተሩን ሳገላብጥ የፊተኛውን ክፍያ በሌላ ገጽ ላይ አገኘሁት። እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ መንደራቸው ድረስ ሄጄ ገንዘባቸውን መለስኩ፤ ዐፉ እንዲሉኝም ለመንኳቸው።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ፍኖተ ሰላም እየተመላለስኩ ኤክሴልንና ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለውን ፒችትሪን ተማርኩ፤ ተፈትኜም የምስክር ወረቀት ያዝኩ። አሠሪዬ ወረቀቱን ብዙም አላዩትም። የእያንዳንዱን ደንበኛ ዕዳ፣ ክፍያና ቀሪ ሒሳብ በአንድ ገጽ ሳሳያቸው ግን የሽያጭ ኃላፊ አደረጉኝ።

ወጣቶች ሆይ! በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» ፕሮግራም የፕሮግራሚንግና የዳታ ሳይንስ ትምህርትን ከነምስክር ወረቀቱ በነፃ አቅርቧል። እንዲህ ያለው ዕድል አይለፋችሁ። በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ዕዳን እንድንጽፍ ታዘናል። ኮምፒዩተር ይህን ያቀልልናል፤ የተሳሳተ ቁጥር ካስገባንበት ግን ስሕተቱን መልሶ ይሰጠናል። አማናው በእኛ ትከሻ ላይ ነው።