ከ1,200 ምስክሮች ሦስቱ፦ የኢዛቤል ዊልከርሰን የጋዜጠኝነትና የምርምር ጉዞ

ስለ ዘር መድልዎ የሚጽፍ ሰው ሁለት ዓይነት ማስረጃ ይገጥመዋል፤ በመዝገብ የሰፈረና በሰው ትዝታ ውስጥ ያለ። የአሜሪካዊቷ ጋዜጠኛና ፕሮፌሰር የኢዛቤል ዊልከርሰን ሥራ የሁለተኛውን ክብደት ያሳያል።

ዊልከርሰን ከጆርጂያና ከቨርጂኒያ ወደ ዋሽንግተን የፈለሱ ወላጆች ልጅ ናቸው። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የቺካጎ ቢሮ ኃላፊ ለመሆን በቁ። እ.ኤ.አ. በ1994 በጋዜጠኝነት የፑሊትዘር ሽልማትን ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆኑ። ኋላም በኤመሪና በቦስተን ዩኒቨርሲቲዎች አስተምረዋል።

ዋነኛ ሥራቸው ግን ከዕለታዊ ጋዜጣ አቅም በላይ ነበር። ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ድረስ 6 ሚሊዮን ያህል ጥቁር አሜሪካውያን መድልዎንና የመንጋ ግድያን ሸሽተው የአገሪቱን ደቡብ ለቀዋል። የፈላሾቹን ቁጥር ከሕዝብ ቆጠራ መዛግብት ማግኘት ይቻላል። አንድ ሰው የትውልድ መንደሩን ለመልቀቅ የወሰነበትን ሌሊት ግን የሚያውቀው ራሱ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ አርጅተው ነበር።

ዊልከርሰን ከ1,200 በላይ ሰዎችን አነጋገሩ፤ ከእነርሱም ሦስቱን መረጡ። በ1937 ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ የሄደችው የጥጥ እርሻ ጭሰኛ፣ በ1945 ከፍሎሪዳ ወደ ኒው ዮርክ የሸሸው ፍራፍሬ ለቃሚና በ1953 ከሉዊዚያና ወደ ሎስ አንጀለስ የተጓዘው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። ሦስት ሰዎች ለ6 ሚሊዮን ሕዝብ እንዴት ይወክላሉ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ምርጫው የስታቲስቲክስ ናሙና አልነበረም፤ ሦስቱን ዋና የፍልሰት መስመሮች፣ ሦስት አሥርት ዓመታትንና ሦስት የኑሮ ደረጃዎችን የሚሸፍን ነበር። የቀሩት ቃለ መጠይቆች ደግሞ የሦስቱን ታሪክ ለማመዛዘን አገልግለዋል።

«የሌሎች ፀሐዮች ሙቀት» የተሰኘው መጽሐፍ ከ15 ዓመታት ሥራ በኋላ በ2010 ታተመ። በዚያ ጊዜ ከሦስቱ አንዳቸውም በሕይወት አልነበሩም። ዊልከርሰን በ2020 ባሳተሙት «ካስት» የአሜሪካን የዘር ሥርዓት ከሕንድና ከናዚ ጀርመን ጋር ሲያነጻጽሩ ሰፊ ክርክር ተነሥቷል። ያ ክርክር መጻሕፍትን እየገለጡ ዛሬም ሊቀጥል ይችላል። የሦስቱ ምስክርነት ግን በጊዜው ባይመዘገብ ኖሮ ዳግም የሚገኝበት መንገድ አልነበረም።