ከመርከብ ላይ ወደ ቤት የተላከ ቃል

በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን 3 ቀን፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ከአቴና ወደብ ከፒሬዎስ ተነሥተን በኤጅያን ባሕር ላይ ለሰባት ቀን ተጓዝን። እኛ ባልና ሚስት ኑሯችን በጀርመን አገር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ዕረፍት ባገኘን ቁጥር ወደ አዲስ አበባ እንጂ ወደ ሌላ አገር ሄደን ስለማናውቅ፣ ይህን ጉዞ የቈረጥነው ከብዙ ማመንታት በኋላ ነበር። ሁለቱን ልጆቻችንን ለታናሺቱ የክርስትና እናት አደራ ሰጠን፤ አዲስ አበባ ላሉት አረጋዊት እናታችን ደግሞ «በየማታው እንደውላለን» ብለን ቃል ገባን። እርሳቸውም መርከብ ሲባል ፈጥኖ የሚታያቸው የኖኅ መርከብ ስለ ሆነ፣ «እዚያ ውስጥ ደግሞ ስልክ አለ?» ብለው ሳቁብን።

መርከቢቱ ከወደቡ ስትለቅ፣ የምትሄደው አቴና እንጂ እኛ አልመሰለንም። ሰገነቱ ላይ ቆመን ከተማይቱ ስታንስ ስናይ፣ በስልካችን ጥግ ያሉት የኔትዎርክ ምልክቶችም ከእርስዋ ጋር አነሱ፤ ከአራት ሁለት፣ ከሁለት አንድ ሆኑ። ቆየት ብሎ ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ተመልሰው ሞሉ። ደስ ብሎን ቍጥር መምታት ስንጀምር፣ በአጠገባችን ብርጭቆ ይሰበስብ የነበረ አንድ ፊሊፒናዊ የመርከብ ሠራተኛ ፈጥኖ እጁን አወዛወዘና ከለከለን። የሞላው የግሪክ አገር ኔትዎርክ አልነበረም። የመንገደኛ መርከብ ከየብስ ሲርቅ የራሱን አንቴና ይከፍታል፤ ስልክም ባለቤቱን ሳይጠይቅ ከእርሱ ጋር ይያያዛል፤ ድምፁም ወደ ሳተላይት ወጥቶ ስለሚመለስ የደቂቃው ዋጋ ከየብሱ ዋጋ ጋር አይገናኝም። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ሰው በራሱ ሲም ካርድ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲደውል የሚፈቅደው ደንብ ይህን የመርከብ አንቴና አይጨምርም። እኛ ግን ግሪክ የኅብረቱ አባል ከሆነች ባሕሩም አብሮ የሚቈጠር መስሎን ነበር! ሰውየው እንዳስተማረን ስልካችንን ወደ ኤርፕሌን ሞድ መልሰን የመርከቢቱን ዋይፋይ ብቻ ከፈትን፤ ለሰባቱም ቀን የሚሆን ኢንተርኔት ለአንድ ስልክ ገዛን። ለሁለት መግዛቱ ውድ ሆነብን፤ በዚህም ምክንያት «ማን ይያዘው?» የሚል ክርክር እስከ መጨረሻው ቀን አልተለየንም።

ይህ ሰው በዓመት ውስጥ የሚበዛውን ወር በባሕር ላይ የሚያሳልፍ ነው። ሴት ልጁ ስትወለድ በሌላ ውቅያኖስ ላይ ስለ ነበር፣ ፊትዋን መጀመሪያ ያየው በስልክ እንደ ሆነ በኋላ አጫወተን። እኛ የሰባት ቀን መለየት ከብዶን ሳለን ይህን በሰማን ጊዜ አፈርን።

ስለ ሳተላይቱ ጥቂት እንበል፤ ወደ ፊት ለምንተርከው ነገር ያስፈልጋልና። ለብዙ ዘመን መርከቦችን ሲያገለግሉ የኖሩት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከምድር ጋር እኩል የሚዞሩ ናቸው። የአንድ ሰው ቃል ወደዚያ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ሲመለስ ግማሽ ሴኮንድ ይሞላል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ብዙ መርከቦች 550 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብለው በሚዞሩ፣ በሺህ በሚቈጠሩ ትንንሽ ሳተላይቶች መጠቀም ጀምረዋል፤ በእነርሱ የሚነጋገር ሰው መዘግየቱን አያውቀውም። የእኛ መርከብ ግን ያረጀች ስለ ነበረች የምትነጋገረው በቀድሞው መንገድ ነበር። ግማሽ ሴኮንድ ለሥራ ጉዳይ ምንም አይደለም። እናቱን «ደኅና ነዎት?» ብሎ መልስ ለሚጠብቅ ልጅ ግን ረጅም ጊዜ ነው።

የልጆቻችን ነገር አላስቸገረንም። የክርስትና እናታቸው በየማታው የእራታቸውንና የደብተራቸውን ፎቶግራፍ ትልክልናለች፤ ታናሺቱም በድምፅ መልእክት ከወንድሟ ጋር የተጣላችበትን ምክንያት በዝርዝር ትነግረናለች። ያሳሰበን የአዲስ አበባው ነው።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 4 ቀን፣ በሳሞስ ደሴት አጠገብ አልፈን ኩሻዳሲ ከሚባለው የቱርክ ወደብ ደረስን። ሳሞስ የግሪክ ናት፤ ሆኖም ከቱርክ የብስ ጋር በጣም በሚቀራረቡበት ስፍራ የሚለያቸው ባሕር 2 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ኤርፕሌን ሞዱን የከፈትንበት ስልክ አንድ ጊዜ የግሪክን፣ አንድ ጊዜ የቱርክን የእንኳን ደኅና መጣችሁ መልእክት ያመጣ ጀመር። ቱርክ የኅብረቱ አባል ስላልሆነች ዋጋውም እንደዚያው ከፍና ዝቅ ይላል። ከዚያ በአውቶቡስ ኤፌሶንን ለማየት ሄድን። የጥንቱ ወደብ በወንዝ ደለል ተደፍኖ ዛሬ ሜዳ ሆኗል፤ በእብነ በረዱ ጎዳና ቍልቍል የሚሄድ ሰው መርከብ ይቆምበት ከነበረው ስፍራ ሲደርስ የሚያገኘው ሣር ነው። በፍርስራሹ መውጫ ካለች ቡና ቤት ዋይፋይ ተበድረን ወደ አዲስ አበባ ደወልን።

«እማማ ተኝተዋል» አለች እኅታችን። ማታ ከመርከቡ ስንደውል ደግሞ «ጠበል ሄደዋል» አለች።

ማክሰኞ፣ የዓመቱ መጨረሻ ቀን፣ ፍጥሞ ደሴት ደረስን። መርከቢቱ ከወደቡ ራቅ ብላ መልሕቅ ስለ ጣለች፣ ስካላ ወደምትባለው መንደር የገባነው በትንንሽ ጀልባ ነው። ከመንደሪቱ ወደ ላይ ሲወጡ በመንገዱ አጋማሽ ወንጌላዊው ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ዋሻ ይገኛል፤ ከተራራው ራስ ላይ ደግሞ በ1088 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው በስሙ የተሰየመው ገዳም እንደ ምሽግ ቆሟል። በዋሻው ውስጥ የዕጣንና የሰም መዓዛ ተቀበለን፤ የአገራችን ሰው ሆኖ እዚያ እንግድነት የሚሰማው የለም። እኛን ግን በዚያ ሰዓት ያሳሰበን ሌላ ነው። ዮሐንስ በዚህ ደሴት ተግዞ ሳለ መልእክቱን የላከላቸው ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት በማዶ በእስያ የብስ ያሉ ነበሩ፤ ከእነርሱም የመጀመሪያዋ፣ ትናንት የነበርንባት ኤፌሶን፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ያን መልእክት በጀልባ የወሰደው ሰው ይዞት የሄደው «ደኅና ነን» የሚል ቃል ብቻ አልነበረም። የሚወቅሰውም፣ የሚያጽናናውም፣ የሚያስፈራውም ነገር በግልጥ ተጽፎ ነበር። እኛ ግን በኪሳችን ባለው ስልክ በአንዲት ቅጽበት አዲስ አበባ እየደረስን፣ እውነቱ ሊደርሰን አልቻለም።

ከስካላ ወደብ እንደ ገና ደወልን። «ጎረቤት ቡና ተጠርተው ሄደዋል» ተባልን። እናታችን በዐውደ ዓመት ዋዜማ ዳቦው ሳይደፋ፣ ቄጤማው ሳይቀርብ፣ ቤት ጥለው ለቡና የሚሄዱ ሴት አይደሉም። ከዚያ ወዲያ ያየነውን ባሕር አናስታውሰውም።

በአገራችን ክፉ ወሬ እንዲሁ አይነገርም። በተለይ በውጭ አገር ላለ ሰው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል እንጂ በስልክ መርዶ አይነገርም። ይህ ልማድ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ሰውን በኀዘኑ ሰዓት ብቻውን ላለመተው ነው። ነገር ግን በመርከብ ላይ ላለ ሰው በማለዳ በሩን የሚያንኳኳለት ማን ነው? እኅታችንም ይህንኑ አስባ እንደ ሆነ እየገመትን ሌሊቱን ሳንተኛ አደርን። በጀርመን ያሉ ወዳጆቻችን ሰምተው ይሆን? እስክንመለስ እየጠበቁን ይሆን? የክርስትና እናቲቱስ ከትናንት ጀምሮ ፎቶግራፍ ብቻ የላከችው ለምንድር ነው?

በታሪክ እንደ ታወቀው፣ ታይታኒክ በ1912 እ.ኤ.አ. በሰጠመችበት ሌሊት የቴሌግራፍ ሠራተኛዋ የመንገደኞችን የግል መልእክት ኒውፋውንድላንድ ወዳለ ጣቢያ በመላክ ተጠምዶ ስለ ነበር፣ በአቅራቢያዋ የነበረች መርከብ ስለ በረዶው ልትነግረው ስትጀምር ዝም በል ብሎ መልሷታል። ከቤተ ሰብ ጋር የምንለዋወጠው የሰላምታ ብዛት ዋናውን ወሬ ሲጋርደው ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር። መርከቢቱ ወደ ቀርጤስ ስትጓዝ ነጋ። በዚያ ወራት የግሪክ ሰዓት ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ነው፤ እነርሱ ሰባት የሚሉትን እኛ አንድ እንላለን እንጂ ሰዓቱ ያው ነው። ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን ደወልን። እኅታችን አነሣች፤ እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን። ከዚያም «እማማን ስጪን» አልናት።

ዝም አለች። ከዚያ ዝምታ ውስጥ ምን ያህሉ የሳተላይቱ፣ ምን ያህሉ የእኅታችን እንደ ሆነ መለየት አልቻልንም። በመጨረሻ «እ...» የሚል ድምፅ ሰማንና መሥመሩ ተቈረጠ።

ብንደውል አልገባ አለ፤ የጻፍነውም መልእክት በቴሌግራም ላይ የሰዓት ምስል ይዞ ቀረ። ከመካከላችን አንዱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ሌላው ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቆመ፤ ምንም እንደማይረዳ እያወቀ። ፊሊፒናዊው ወዳጃችን አይቶን መጣና ነገሩን ገለጠልን፦ መርከቢቱ በአንዳንድ አቅጣጫ ስትሄድ የጢስ ማውጫዋ አንቴናውን ከሳተላይቱ ይጋርደዋል፤ መንገዷን ስታጥፍ ይመለሳል። «ጠብቁ፣ ትዞራለች» አለን፤ ሥራውንም ትቶ አጠገባችን ቆመ።

አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ስልኩ በጮኸ ጊዜ የተናገሩት እናታችን ራሳቸው ነበሩ።

እኛ በተሳፈርንበት በሩፋኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በዝናቡ አዳልጧቸው ወድቀው፣ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰብሮ፣ የደም ግፊታቸውም ከፍ ስላለ ሁለት ሌሊት ሆስፒታል አድረዋል። ማክሰኞ ማታ ወደ ቤት ተመልሰዋል። «እንዳይነገራቸው ያልኩት እኔ ነኝ፤ እርስዋን አትቈጧት» አሉን። «ከባሕር መካከል ሆናችሁ ምን ልታደርጉልኝ ነበር? ዋኝታችሁ ልትመጡ ነው?»

መልስ አልነበረንም። በእውነትም ምንም ልናደርግ አንችልም ነበር። ሆኖም ሁለት ቀን ሙሉ በልባችን ቀብረናቸው እንደ ነበር ስንነግራቸው እርሳቸው በተራቸው ዝም አሉ። በዚህኛው ዝምታ ግን አልፈራንም።

ከዚያ በኋላ ከእኅታችን ጋር ተስማማን። ሰው ሲታመም ያው በዕለቱ «ታመዋል፤ እዚህ ስፍራ ናቸው፤ ሐኪሙ ይህን ብሏል» ተብሎ ይነገረናል፤ ከዚያም የከፋ ከሆነ ለክርስትና እናቲቱ ይነገርና እርስዋ ለሁለታችን ባንድነት ሆነን ሳለን ትነግረናለች። ይህን ስምምነት ከመሳፈራችን በፊት ማድረግ ነበረብን። እንዲሁም የመርከቢቱን ስም፣ የክፍላችንን ቍጥር፣ በየትኛው ቀን በየትኛው ወደብ እንደምንቆም ጽፈን ለቤት መተው ሲገባን፣ የተውነው ሰባት ቀን የሚል ወሬ ብቻ ነበር። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ቢቀር ኖሮ በምን ሊፈልጉን ነበር?

ቀትር ላይ ሄራክሊዮን ወደብ ደረስን። የግሪክ የብስ ኔትዎርክ በስልካችን ላይ ሞላ። ወደ ከተማ የሚሄዱት መንገደኞች ሲያልፉን እኛ በወደቡ ግንብ ላይ ተቀምጠን እንደ ገና ደወልን፤ በዚህ ጊዜ በምስል። እናታችን ጀሶ የታሰረ እጃቸውን እንደ ሽልማት ከፍ አድርገው አሳዩን። በጓሮ በኩል የሰፈሩ ሴት ልጆች ዐደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ይገቡ ስለ ነበር፣ ስልኩን ወደ እነርሱ እንዲያዞሩት እኅታችንን አዘዟት። ጭብጨባው ሳይዘገይ፣ ሳይቈራረጥ ይሰማን ነበር። ልጆቹ ዳቦአቸውን ተቀብለው ሲሄዱ እናታችን ወደ ስልኩ ተመለሱና፣

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አሉ፤ «በዚያ መርከብ ውስጥ የጾም የሚበላ አገኛችሁ?»

ባቄላና የወይራ ፍሬ እንዳለ ነገርናቸው።